ወደ ግድግዳ የሚዞረው ወንበር

ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ዛፎቹ ከዳርና ከዳር ተያይዘው አስፋልቱን በጥላ በሚያለብሱበት መንገድ ላይ፣ የተሰማ ፀጉር ቤት አለች። ቤት ከተባለች ነው እንግዲህ፤ አንድ መስታወት፣ አንድ አግዳሚ፣ አንድ ተሽከርካሪ ወንበር፣ በቃ። ወንበሩ ግን ወንበር ነው። ፈረንጆቹ ባቡሩን ያስተዳድሩ በነበረበት ዘመን የገባ ብረት ነው ይባላል፤ ቆዳው ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፣ መሽከርከሪያው ግን እስከ ዛሬ በአንድ ጣት ይዞራል። ተሰማ እዚህ ወንበር ላይ የሹፌሩንም፣ የነጋዴውንም፣ የቄሱንም፣ የሼኩንም ራስ አርባ ዓመት ሙሉ ሲቆርጥ ኖሯል። የተቀመጠው ሁሉ ፊቱን ወደ መስታወቱ አድርጎ ነው የተቆረጠው። አንድ ሰው ሲቀር።

ያ አንድ ሰው የገዛ ልጁ ነው። ናሁሰናይ ይባላል፤ ለእናትና ለአባቱ አንድ ነው፣ ሌላ የላቸውም። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት ተሰማ ልጁን አቅፎ ወንበሩ ላይ ያወጣዋል፣ ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ ያስርለታል፣ ከዚያ በግራ እጁ የወንበሩን ክንድ ገፋ ያደርግና ወደ ግድግዳው ያዞረዋል። ግድግዳው ላይ አንድ የመድኃኒት ቤት ካላንደርና ከጣሪያ እስከ ወለል የወረደ ስንጥቅ አለ። ልጁ ካላንደሩንና ስንጥቁን እያየ ይቆረጥና ይወርዳል። ፀጉሩም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ አናቱ ያጥራል፣ ጎንና ጎኑ ግን ወፈር ብሎ ጆሮው ላይ ይተኛል።

አንድ ቀን ሙመድ ጠየቀው። ሙመድ ጎረቤት ነው፤ ቀጥሎ ያለችው ሱቅ ውስጥ ሽርጥና ሻሽ ይሸጣል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ሱቁን ለልጆቹ ትቶ ጫቱን ይዞ የተሰማ አግዳሚ ላይ ይጋደማል። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ናቸው።

"አቦ ተሰማ፣ ይሄ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው ወደ ግድግዳ የምታዞረው?" አለው።

"መስታወቱ ላይ የሚያርፈው ፀሐይ ዓይኑን ያመዋል" አለ ተሰማ።

ሙመድ ዞር ብሎ መስታወቱን አየው። ፀሐይ የለበትም። መቼም ወዳጅ ነውና ቅጠሉን መቀንጠሱን ቀጠለ።

እውነቱ ጆሮው ነው። ናሁሰናይ ጆሮው ከራሱ ተነጥሎ ወደ ጎን የቆመ ነው፤ ከኋላ ሲያዩት ቀድመው የሚያዩት እሱን ነው። ከየት አመጣው እንዳትሉ፤ ከተሰማ ነው። የተሰማም ከአባቱ ነው፤ በባቡሩ ዘመን የሐዲድ ምልክት መብራት አስተካካይ የነበሩት አባቱ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኮፍያ እጆሯቸው ላይ ነበር የሚያርፈው። በዚህ ቤት ሌላ ውርስ አልነበረም፤ ጆሮ ግን ለሁሉም ደርሷል።

ተሰማ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው አባቱ ይዘውት እዚሁ ቤት መጡ። ያኔ ቤቱ የጋሽ ይሳቅ ነበር። ጋሽ ይሳቅ ሲቆርጡ ካላሳቁ እጃቸው የማይሠራ ሰው ነበሩ። ልጁን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው መስታወቱ ውስጥ ትንሽ አዩት፣ ሁለቱን ጆሮ በሁለት እጃቸው ያዙና ብድግ እንደ ማድረግ ብለው፣ "ይሄ እኮ እንደ ድስት እጀታ አለው፤ ትኩስ ሆኖ ቢያስቸግራችሁ በዚህ አውርዱት" አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አባቱም ሳቁ። ተሰማ መስታወቱ ውስጥ የሚስቁትን ሰዎች አንድ በአንድ አያቸው፣ ከመሀላቸው ደግሞ በሁለት እጅ የተያዘውን የራሱን ፊት አየ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ተሰማ የሚለውን ስም የሚያውቀው የትምህርት ቤት መዝገብ ብቻ ሆነ፤ ለድሬ ልጆች እጀታ ነው። ድሬ ላይ ስም ከወጣልህ ወጣልህ ነው፤ አያት ሆነህ እንኳ በአደባባይ "እጀታ፣ ደህና ዋልክ?" ይልሃል በልጅ ልጅህ ዕድሜ ያለ ጎረምሳ፣ በፍቅር ነው፣ መቀየምም አይቻልም። ተሰማ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ "እግዚአብሔር ይመስገን" እያለ መለሰ። ኋላም ሙያውን ከዚያው ከጋሽ ይሳቅ ተማረ፣ ወንበሩንም ወረሰ።

ልጁ የተወለደ ለት አዋላጇ ጨርቁን ገልጣ ስታሳየው ተሰማ ፊቱን አላየም፤ ጆሮውን ነው ያየው። በሳምንቱ ጓደኞቹን አንድ በአንድ እየዞረ አስማላቸው። ክርስቲያኑን በማርያም፣ እነ ሙመድን በቁርአን። ከእንግዲህ ልጄ ፊት ያንን ስም የሚጠራ ወዳጄ አይደለም አለ። እስቲ ፍረዱ፣ ድሬ ውስጥ ስም መቅበር ሰው ከመቅበር ይከብዳል። ግን ተቀበረ። ስለወደዱት ቀበሩለት። ልጁም አንድ ቀን እንኳ ያንን ቃል ሳይሰማ አደገ። ጎረቤት ዝም፣ የትምህርት ቤት ጓደኛም ከቤቱ ሰምቶ ዝም። ተሰማ በዚህ ነገር ልቡ ሙሉ ነበር። በእኔ የደረሰ በልጄ አልደረሰም ይል ነበር ለራሱ፣ ወንበሩን ወደ ግድግዳ ባዞረ ቁጥር።

ናሁሰናይ ሃያ አራት ዓመት ሞላው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ባለ የልብስ ፋብሪካ የስፌት መኪና ጠጋኝ ሆነ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ እጁ ወርቅ ነው ይሉታል። አንድ ነገር ብቻ፤ ኮፍያ አይለየውም። በዚያ የድሬ ሙቀት፣ ወፍ እንኳ ጥላ ፈልጋ አፏን ከፍታ በምትውልበት ቀትር፣ እሱ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ደፍቶ ይሄዳል። አለቆቹ አዳዲስ ሠራተኞች ፊት ቆመህ አሠልጥን ብለውት እምቢ አለ። ተሰማ ይህን ሲሰማ "ትሑት ነው" አለ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ናሁሰናይ ሳይጠበቅ መጣ። ሙመድ ለዐስር ሶላት ወጥቷል፣ ከዚራ ተኝታለች፣ መንገዱ ላይ አንዲት ባጃጅ ብቻ ጥላ ውስጥ ቆማ ሹፌሯ እግሩን በመስኮት አውጥቷል። ልጁ ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ። ተሰማ ጨርቁን አሰረለት፣ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገው፣ የፀጉር መቁረጫውን ቶንዶስ አንስቶ አበራ።

"ዛሬ ጎንና ጎኑን አንሳልኝ" አለ ናሁሰናይ። "ከጆሮዬ በላይም በኋላም ሙልጭ ይበል።"

ተሰማ ሳቀ። "ምን ነካህ? ፋሽን ጀመርክ?"

"ሐኪሙ ነው ያለኝ። ሰኞ ኦፕራሲዮን አለኝ፣ ጆሮዬን።"

"ምነው፣ አመመህ?"

"አላመመኝም። ወደ ኋላ ሊያስጠጉልኝ ነው። ከኋላ በኩል ይከፍቱታል፣ አጥንት መሳዩን ያጥፉትና ይሰፉታል። ሁለት ሰዓት አይሞላም። በዓመት ብዙ ሰው ይሠራል አባ፣ ትልቅ ነገር አይደለም።"

ቶንዶሱ እጁ ውስጥ እየጮኸ ነበር፤ ተሰማ አጠፋው።  የጋሽ ይሳቅ ቤት ሳቅ ሁሉ ተመልሶ ጆሮው ውስጥ ገባ።

"ማነው የሰደበህ?" አለ።

"ማንም።"

"ፋብሪካው ውስጥ ነው? ስሙን ንገረኝ። እኔ ነኝ የማናግረው።"

"ማንም አልሰደበኝም አልኩህ። ትምህርት ቤትም፣ ሰፈርም፣ ፋብሪካም፣ በሕይወቴ አንድ ሰው ስለ ጆሮዬ አንዲት ቃል ተናግሮኝ አያውቅም።"

"ታዲያ ከየት አመጣኸው?"

ናሁሰናይ ከጨርቁ ሥር እጁን አወጣና ፊት ለፊቱ ያለውን ግድግዳ አሳየው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህ ይሻል ነበር።

"እዚህ ወንበር ላይ ያልተቆረጠ የሰፈር ልጅ የለም። አግዳሚው ላይ ወረፋ ስጠብቅ ሁሉንም አያለሁ። ሁሉም መስታወቱን እያየ ነው የሚቆረጠው። እኔ ስቀመጥ ታዞረኛለህ። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ነው የገባኝ። እነሱ የሌላቸው እኔ ያለኝ ምንድነው ብዬ ቤት ሄድኩና የእማዬን መስታወት ከምስማሩ አወረድኩት። ብዙም አልፈለግኩ፣ ወዲያው አገኘሁት። አባቴ እንኳ ሊያየው ያልቻለውን ነገር ሌላ ሰው እንዴት ይችለዋል አልኩ። ኮፍያ ማድረግ የጀመርኩ ያኔ ነው።"

ተሰማ አፉን ከፈተ። ልጄ፣ እኔ እኮ ሊለው ነው፤ ጋሽ ይሳቅን፣ ሳቁን፣ እጀታ የሚለውን ስም፣ የማስማሉን ነገር ሁሉ ሊዘረግፈው ነው። አንዱም አልወጣለትም። ሃያ አራት ዓመት አፍኖ የያዘው ነገር በአንድ ከሰዓት እንዴት ይውጣ። ቶንዶሱን መልሶ አበራና ልጁ እንዳዘዘው ከጆሮው በላይ ያለውን ፀጉር አነሳ። የልጁ ጆሮ ከሕፃንነቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራቁቱን ወጣ። ጠይም፣ ቀጭን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጆሮ ነው። ተሰማ የዚያን ለት በደንብ አየው፣ አንዳች አስቀያሚ ነገርም አላገኘበትም። ናሁሰናይ ተነስቶ ፀጉሩን አራገፈ፣ ኮፍያውን ደፋና "እናቴ ታውቃለች" ብሎ ወጣ።

እናቱ አስካለማርያም ከባንክ ጡረታ የወጣች፣ ነገር አዙራ የማታውቅ ሴት ናት። ተሰማ ቤት ገብቶ ራት ሳይበላ ሲነግራት ሽንኩርት መክተፏን እንኳ አላቆመችም።

"ሦስት ወሩ ነው ከነገረኝ" አለች። "አባትህን ራስህ ንገረው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

"ለእሱ ብዬ እኮ ነው ያዞርኩት።"

"እኔስ መቼ ለክፋት ነው አልኩህ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአንተን ጆሮ እያየሁ ኖሬያለሁ፣ ምን ጎደለብኝ? አንተ ግን ያንን የይሳቅን ቀልድ ልትረሳው አልቻልክም። ልጁ የአንተን ቁስል ነው ተሸክሞ የሚዞረው፣ የምን ቁስል እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ።" ቢላዋውን አስቀመጠች። "ንገረው ተሰማ። ኦፕራሲዮኑን ያድርገው፣ የራሱ ጆሮ ነው። ግን ሳይገባ ንገረው።"

"እነግረዋለሁ" አለ።

ዓርብ አልነገረውም። ቅዳሜ ደንበኛ በዛ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አብረው ሄደው አብረው ተመለሱ፣ መንገዱን ሙሉ ስለ ዝናቡ መዘግየት አወሩ።

ሰኞ ጠዋት ሦስቱም ክሊኒኩ ደረሱ። ሐኪሙ በወር አንዴ ከአዲስ አበባ መጥቶ አሥር ቀን የሚሠራ፣ ፈጠን ፈጠን የሚል ወጣት ነው። ወረፋ መጠበቂያው ላይ ቱሪያ የምትባል ሴት ከሰባት ዓመት ልጇ ከዊዳድ ጋር ተቀምጣለች። ዊዳድም ለዚያው ነው የመጣችው። ልጅቷ አንድ ቦታ አትቀመጥም፤ ወንበሩ ላይ ትቆማለች፣ ትወርዳለች፣ የነርሷን ጋሪ ትገፋለች።

"ክፍሏ ውስጥ ጆሮ ጆሮ ይሏታል" አለች ቱሪያ። "እሷ ደግሞ ማልቀስ አታውቅም፣ ትማታለች። የሦስት ልጅ ወላጅ ቤቴ ድረስ መጥቶብኛል። ወላሂ ያስቸገረችኝ ጆሮዋ አይደለም፣ እጇ ነው።" ከዚያ ተሰማን፣ ቀጥሎ ኮፍያ ያደረገውን ልጁን አየች። "የአንተም ልጅ ተሰድቦ ነው?"

 "ኧረ የለም" አለ ናሁሰናይ በአባቱ ፈንታ፣ እየሳቀ። "እኔን ማንም አልሰደበኝም።"

ትንሿን አስተኝተው ሠሯት፤ ናሁሰናይን ግን ቦታውን ብቻ አደንዝዘው፣ እየሰማ ነው የሠሩት። ሲያወጡት ራሱ ዙሪያውን በወፍራም ነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል፤ ከፊቱ በቀር የሚታይ ነገር የለውም። በጀርባው ተኝቶ ጣሪያውን ያያል። አስካለማርያም መድኃኒት ልታመጣ ወጣች። ክፍሉ ውስጥ አባትና ልጅ ብቻ ቀሩ።

ተሰማ ያኔ ተናገረ። ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋ፣ አንገቱን ደፋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከጋሽ ይሳቅ ጀመረ። ሁለት እጅ ጆሮውን ሲይዘው ምን እንደተሰማው፣ አባቱ ሲስቁ ምን እንደተሰማው፣ ሃያ ስምንት ዓመት እጀታ ሲባል እንዴት እየሳቀ አቤት እንዳለ፣ ሙመድን እንዴት በቁርአን እንዳስማለው። "ያንተን ጆሮ ጠልቼ አይደለም" አለ። "መስታወት ውስጥ የሚስቅብህ ሰው እንዳታይ ብዬ ነው። እኔ ነኝ የበደልኩህ፣ ማረኝ ልጄ።" ሁሉንም አለ። አንዲት አላስቀረም፤ እንባውም ይወርድ ነበር።

ናሁሰናይ ዓይኑን ከጣሪያው አውርዶ አየው። "ምን አልከኝ አባ? ፋሻው ድፍን አድርጎኛል፣ ጮክ በል።"

ተሰማ ይህን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ደግሞ ማወቅ ብቻ አይደለም፣ ስላወቀ ነው የተናገረው። ከዚህ የባሰ ፍርሃት ካለ እኔ አላየሁም።

"ውሃ ልስጥህ ወይ ነው ያልኩህ" አለ ጮክ ብሎ።

"ስጠኝ" አለ ናሁሰናይ።

በስምንተኛው ቀን ፋሻው ተፈታ። ሁለቱንም በአንድ ጠዋት ነው የጠሯቸው። ዊዳድ ቀድማ ገባች። ነርሷ የእጅ መስታወት ስትሰጣት ልጅቷ በሁለት እጇ ቀምታ ወሰደችው። ወደ ቀኝ አየች፣ ወደ ግራ አየች፣ ምላሷን አወጣች፣ ሳቀች፣ ከዚያ እናቷን ትልቅ የጆሮ ጌጥ አሁኑኑ እንድትገዛላት አዘዘች። መስታወቱን ከእጇ ለማስለቀቅ ከረሜላ አስፈለገ።

ናሁሰናይ ተራው ሲደርስ መስታወቱን ተቀበለ፣ ወደ ፊቱ አነሳው፣ ወዲያው አወረደው። የዓይን ጥቅሻ ያህል አይሆንም። "ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ" ብሎ በጀርባው ገልብጦ ለነርሷ መለሰላት። ሥራው እውነትም ጥሩ ነበር፤ ጆሮው ከራሱ ጋር ገጥሟል፣ የማያውቅ ሰው ያየው እንደሆነ እንዲሁ የተፈጠረ ነው የሚለው። ሐኪሙ የተሰማን ዓይን ሳያይ አልቀረም፤ ሲወጡ ትከሻውን ያዝ አድርጎ፣ "ትንንሾቹ ወዲያው ይለምዱታል። ትልልቆቹ ላይ ጆሮው ቶሎ ይድናል፣ ሰውየው ነው የሚቆየው" አለው።

ተሰማ ይህችን ቃል ይዞ ስድስት ሳምንት ሙሉ ተብሰለሰለ። ልጁ በሌሊት ለጆሮው መጠበቂያ የሚሆን ማሰሪያ ራሱ ላይ አስሮ ይተኛል፣ በቀን ያንኑ ኮፍያውን ደፍቶ ሥራ ይሄዳል። ፀጉሩ አድጎ ጠባሳውን ሸፈነ፣ ጆሮውንም ሸፈነ። አዲሱን ጆሮ ከክሊኒኩ ሰዎችና ከወላጆቹ በቀር ያየለት የለም። ተሰማ አንድ ነገር ብቻ ፈለገ። ልጁ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ፊቱን ወደ መስታወቱ ያድርግ፣ እሱም ጎንና ጎኑን አንስቶ ይቁረጠው፣ ሁለቱም መስታወቱ ውስጥ እኩል ይተያዩ። አንድ ጊዜ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቤት ሄዶ ቢቆረጥም ግድ የለውም። ለአስካለማርያም ነገራት፣ እሷም ለልጇ ነገረችው፣ ልጁም "ቅዳሜ እመጣለሁ" አለ።

ሙሽራ የሚጠብቅ ቤት እንኳ እንደዚያ አይዘጋጅም። ዓርብ ማታ መስታወቱን በኮምጣጤና በጋዜጣ ፈተገው። ጥግ ላይ የተቃጠለውን አምፖል ቀየረ፤ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል ከተቃጠለ። አዲስ ነጭ ጨርቅ ከሙመድ ሱቅ ገዛ፣ ሙመድንም "ነገ እስከ ዐስር ሶላት ድረስ አትምጣብኝ" አለው። ሙመድ ምን እንደሆነ አልገባውም፣ ግን እሺ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁ እየሰማው የሚናገረውን ነገር ደግሞ ሲያጠና አደረ። ልጄ ናሁ፣ ፊትህን አሳየኝ፣ ነው የሚለው መጀመሪያ። ከዚያ ሌላው ይመጣል።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ናሁሰናይ መጣ። ኮፍያውን አወለቀና በሩ አጠገብ ያለው ምስማር ላይ ሰቀለው። ተሰማ ደስታውን ለመደበቅ ወዲያ ወዲህ አለ፤ ማበጠሪያውን በአልኮል ጠረገ፣ መቀሱን አንስቶ አስቀመጠ። ልጁ ተቀመጠ። ተሰማ አዲሱን ጨርቅ ዘርግቶ አለበሰው፣ ከኋላው አሰረለት።

"ሥራ እንዴት ነው?" አለ።

"ደህና ነው። ያንን የማሠልጠኑን ነገር እንደገና ጠይቀውኛል።"

"እሺ አልክ?"

"ገና ነኝ።"

"እሺ በላቸው እንጂ፣ አንተን የሚያህል ሠራተኛ ከየት ሊያመጡ?" እያለ ነው፤ አፉ ይህን እያለ፣ ልቡ ያጠናውን ቃል ሊጀምር እየተዘጋጀ፣ ግራ እጁ ሄዳ የወንበሩን ክንድ ያዘችና ገፋ አደረገችው። ወንበሩ በአንድ ጣት የሚዞር ወንበር ነው። ያለ አንዳች ድምፅ ዞሮ ግድግዳው ፊት ቆመ።

ተሰማ ቶንዶሱን ሊያበራ ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል ነው ያየው። መስታወቱ ውስጥ የልጁ ጀርባ አለ። ከጀርባው በላይ የእሱ የገዛ ፊት፣ ግራና ቀኝ ከቆሙት ጆሮዎቹ ጋር። አዲሱ አምፖል ሁሉንም አጉልቶ ያሳያል።  ካጠናው ቃል አንድም አልቀረለትም።

"ውይ" አለ። "ውይ፣ ልጄ፣ እጄ ናት፣ ሳላስበው ነው፣ ልመልስህ" ብሎ ክንዱን ያዘ።

ወንበሩ አልዞረም። ናሁሰናይ እግሩን አውርዶ ወለሉ ላይ ተክሏል።

"ተወው አባ" አለ። አልተቆጣም። ካላንደሩን ነው የሚያየው። "እማዬ ነግራኛለች። ጋሽ ይሳቅን፣ ስሙን፣ ሁሉንም። ክሊኒክ ሳለሁም የሆነ ነገር ስትነግረኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ እያለቀስክ ነበር፣ ውሃ ልስጥህ የሚል ሰው አያለቅስም። አልተቀየምኩህም።"

"ታዲያ ልመልስህ። አንዴ ብቻ እየው። አምሮብሃል እኮ።"

"አውቃለሁ፣ ሐኪሙም ብሎኛል።" አለ ናሁሰናይ። "መስታወት ሳይ ግን አሁንም ያንኑ የድሮ ጆሮዬን ነው የማየው። ውሎ አድሮ ይለቀኝ ይሆናል። አሁን እዚህ ይሻለኛል፣ ለምጄዋለሁ። እንዲሁ ቁረጠኝ።"

ተሰማ ቆረጠው። ምን ያድርግ? ከላይ አሳጠረ፣ ወደ ጎን ሲመጣ እጁ ቆመ። "ጎኑንስ?" አለ። "እንደ ድሮው" አለ ናሁሰናይ። ከጆሮው ኋላ በማበጠሪያ ገለጥ ሲያደርግ ጠባሳውን አየው፤ ቀጭን፣ ሮዝ መስመር፣ በግራም በቀኝም። ከሰው ሁሉ ይህን መስመር የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ፀጉሩን መልሶ በቀስታ አለበሰው። እንባው የልጁ አንገት ላይ እንዳይወድቅ ሁለት ጊዜ ቀና እያለ ነው የጨረሰው። ልጁ ሁለቱንም ጊዜ ጠበቀው።

ናሁሰናይ ተነሳ፣ አባቱን ትከሻው ላይ ሳመው፣ ኮፍያውን ከምስማሩ አነሳና ወጣ። መስታወቱን ሳያይ ነው ያለፈው። ተሰማ መጥረጊያውን ይዞ ቆመ። ፀጉሩን ጠረገ፣ ጨርቁን አራገፈ፣ አጣጠፈ። ወንበሩን ግን አልነካውም።

ለዐስር አዛን ተብሎ ሶላቱ አልቆ ሙመድ ጫቱን በብብቱ ይዞ ገባ። ቤቱ ሲያበራ አይቶ ማሻ አላህ አለ፣ ጢሙን ሊያስተካክል ነውና ቀጥ ብሎ ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ካላንደሩ ላይ ተደቀነ።

"አቦ፣ ይሄን ወንበር ደግሞ ማነው ያዞረው?"

ተሰማ ከኋላው ቆሟል። ፀሐይ ሊል ይችል ነበር፣ ሙመድም እንደ ድሮው ያልፍለት ነበር።

"እኔ ነኝ" አለ። "ያኔም ፀሐይ አልነበረም፣ እኔ ነኝ።"